ሞደምና ራውተር ለየብቻ፦ የቤት ኔትወርክን ከመስመሩ እስከ ዋይፋዩ ማዋቀር

የቤት ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ወይም ሲቆራረጥ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዋይፋዩን ነው። የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ ራውተሩ ከመደርደሪያ ወደ መስኮት ይዛወራል፣ ሲብስም አዲስ ራውተር ይገዛል። ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዋይፋዩ በፊት ነው ያለው። አንዳንዴ መስመሩ ላይ፣ አንዳንዴ ሞደሙ ላይ፣ አንዳንዴም ሁለቱን መሣሪያዎች በሚያገናኘው አጭር ገመድ ላይ ይገኛል፤ ወይም ደግሞ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ሥራ ይሻማሉ። ሞደሙና ራውተሩ ተለይተው እንዲተከሉ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራዎቹ በተለያዩ ሣጥኖች ውስጥ ሲሆኑ እያንዳንዱን ለብቻው መፈተሽ፣ ሲበላሽም ያንኑ ብቻ መለወጥ ይቻላል።

የምንሄደው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፦ መስመር፣ ሞደም፣ ራውተር፣ በመጨረሻም ዋይፋይ። አንዱ መሥራቱ ሳይረጋገጥ ወደ ቀጣዩ አንሻገርም።

የሁለቱ ሣጥኖች የሥራ ድርሻ

ሞደም የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው፤ በመስመሩ የሚመጣውን ምልክት ወደ ኤተርኔት (መሣሪያዎችን በኔትወርክ ገመድ የሚያገናኘው አሠራር) ይለውጣል፣ ከቤት የሚወጣውንም በመስመሩ መጓዝ ወደሚችል ምልክት መልሶ ይለውጣል። መስመሩ የስልክ ሽቦ ከሆነ የዲ.ኤስ.ኤል ሞደም፣ ወፍራምና ክብ የኮአክሲያል ገመድ ከሆነ የኬብል ሞደም፣ ፋይበር ከሆነ ደግሞ ኦ.ኤን.ቲ የሚባለው ሣጥን ያስፈልጋል። ኦ.ኤን.ቲ አሠራሩ ከሞደም ቢለይም በቤት ውስጥ የሚይዘው ቦታ ያው ስለሆነ ከዚህ በኋላ ሦስቱንም ሞደም እላቸዋለሁ። አንዱ በሌላው መስመር ላይ አይሠራም። ሞደም ለብቻው የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት የመስመሩን ዓይነትና አገልግሎት አቅራቢው የትኞቹን ሞዴሎች እንደሚቀበል መጠየቅ አለበት።

ራውተር የመስመሩ ዓይነት አይገደውም። ከሞደሙ ኤተርኔት ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የቤቱ አስተዳደር ሁሉ የእርሱ ነው። አገልግሎት አቅራቢው ለአንድ ቤት በአብዛኛው አንድ የአይፒ አድራሻ (መሣሪያ በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ብቻ ይሰጣል። ራውተሩ ኤን.ኤ.ቲ በሚባለው አሠራር ያችን አንድ አድራሻ ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ኮምፒውተሩም በጋራ እንዲጠቀሙባት ያደርጋል። ዲ.ኤች.ሲ.ፒ በሚባለው አገልግሎት ደግሞ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የውስጥ አድራሻ ያድላል። ከቤት ውስጥ ያልተጠየቀ ግንኙነት ከውጭ እንዳይገባ ያግዳል፤ ዋይፋይም ያሰራጫል። ከእነዚህ ውስጥ ዋይፋይ ማሰራጨቱን ብዙ መሣሪያ ቢጋራው ችግር የለም። የቀሩትን ግን በአንድ ቤት ውስጥ አንድ መሣሪያ ብቻ መሥራት አለበት። ይህችን ነጥብ ይያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ከሚገጥሙት ችግሮች ብዙዎቹ ከእርሷ ጋር የተያያዙ ናቸው።

እጅዎ ላይ ያለው ሣጥን በእርግጥ ሞደም ብቻ ነው?

አገልግሎት አቅራቢዎች ሞደም ብለው የሚሰጡት ሣጥን ብዙ ጊዜ ሞደምና ራውተር በአንድ ላይ የያዘ ነው። ለማወቅ ጀርባውንና ሆዱን ማየት ይበቃል። የመስመር መግቢያና አንድ የኤተርኔት ቀዳዳ ብቻ ካለው፣ ተለጣፊ ወረቀቱ ላይም የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ካልተጻፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሞደም ነው። አራት የኤተርኔት ቀዳዳ ካለውና ተለጣፊው ላይ የዋይፋይ ስም ከተጻፈ ግን ውስጡ ራውተርም አለ። እንዲህ ያለው ሣጥን አይጣልም፤ የራውተርነት ሥራውን እንዲተው ማድረግ ይቻላል። እንዴት እንደሚደረግ ብሪጅ ሞድ ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ገመድ ከመንቀልዎ በፊት

አሮጌው ኔትወርክ እየሠራ ሳለ መሰብሰብ ያለባቸው መረጃዎች አሉ። አንዴ ከተነቀለ በኋላ በኢንተርኔት ፈልጎ ማግኘት አይቻልምና ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ለአገልግሎት አቅራቢው ደውለው ወይም የውል ወረቀቱን አይተው ግንኙነትዎ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የመጀመሪያው አድራሻ በራሱ የሚመጣበት ነው፤ ራውተሩ ላይ የሚሞላ ነገር የለም። ሁለተኛው ፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ ይባላል፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ በዲ.ኤስ.ኤል መስመር የተለመደ ነው፤ በፋይበርም ያጋጥማል። ሦስተኛው ቋሚ አድራሻ ነው፤ የአይፒ ቁጥር፣ ሰብኔት ማስክ፣ ጌትዌይና ዲ.ኤን.ኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ ቁጥር የሚለውጠው አገልጋይ) በጽሑፍ መያዝ አለባቸው። በተጨማሪ ቪላን የሚባል ቁጥር እንዳለና እንደሌለ ይጠይቁ። አንዳንድ አቅራቢዎች የኢንተርኔቱን ትራፊክ በተለየ ቁጥር ስለሚልኩ ቁጥሩ ራውተሩ ላይ ካልተሞላ ሌላው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ኢንተርኔት አይገኝም።

የአሮጌውን መሣሪያ የቅንብር ገጾች በስልክዎ ካሜራ ፎቶ ያንሱ። ፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ ከሆነ የይለፍ ቃሉ በገጹ ላይ በነጥቦች ተሸፍኖ ስለሚታይ ፎቶው ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉን ከአቅራቢው ማግኘት ግድ ነው።

ገመድን በተመለከተ ካት 5ኢ የሚል ጽሑፍ ያለበት የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት በሰከንድ ያስተላልፋል። ለቤት ይበቃል። ካት 6 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካት 5 ብቻ የሚል አሮጌ ገመድ ካለ ግን ይተኩት። የኤሌክትሪክ አዳፕተሮቹን ደግሞ አያደባልቁ። የሞደሙና የራውተሩ መሰኪያ ተመሳሳይ ሆኖ ቮልቱ ሊለያይ ይችላል፤ 12 ቮልት አዳፕተር በ9 ቮልት መሣሪያ ላይ ቢሰካ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል። የቮልቱ ቁጥርና የመሰኪያው የፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አቅጣጫ ከመሣሪያው ጋር አንድ መሆን አለባቸው፤ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ቢሆን አይጎዳም። አዳፕተሮቹ ላይ ሞደም፣ ራውተር ብሎ በእስክሪብቶ መጻፍ በኋላ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

መስመሩና ሞደሙ

ራውተሩን ለጊዜው ይርሱት። ሞደሙን ከመስመሩ ጋር ብቻ ያገናኙ።

በዲ.ኤስ.ኤል መስመር ላይ የቤት ስልክም ካለ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የማጣሪያው ዲ.ኤስ.ኤል የሚለው ቀዳዳ ወደ ሞደሙ፣ የስልክ ምልክት ያለው ቀዳዳ ወደ ስልኩ ይሄዳል። በቤቱ ውስጥ ሌላ ስልክ ካለ ለእርሱም የራሱ ማጣሪያ ይገባዋል፤ አንድ ስልክ ያለ ማጣሪያ ከቀረ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱን ሊያቋርጥ ይችላል። በኬብል መስመር ገመዱን በእጅ እስኪጠብቅ ማዞር ነው፤ መሐል ላይ ያለው ቀጭን ሽቦ እንዳይታጠፍ ይጠንቀቁ፤ አላስፈላጊ ማከፋፈያዎችንም ያስወግዱ፤ እያንዳንዳቸው ምልክቱን ያዳክማሉና። ፋይበር ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫፉን በጣት አይንኩ፣ ገመዱን ሹል አድርገው አያጥፉት፣ የተነቀለውን ጫፍ ወደ ዓይንዎ አያስጠጉ፤ በውስጡ የሚያልፈው የሌዘር ብርሃን በዓይን አይታይም፤ ሆኖም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

ከዚያ ሞደሙን ያብሩና መብራቶቹን ይከታተሉ። የመስመሩ መብራት መጀመሪያ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ይህ ከአቅራቢው ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ያሳያል። ሲረጋና ሳይቋረጥ ሲበራ መስመሩ ተገኝቷል ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። በፋይበር ሣጥን ላይ ሎስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ የብርሃኑ ምልክት አልደረሰም ማለት ነውና ቤት ውስጥ የሚደረገው ነገር ጫፉ በደንብ መሰካቱንና ገመዱ አለመታጠፉን ማየት ብቻ ነው፤ ካልተስተካከለ አቅራቢውን መጥራት ነው። የመስመር መብራት ባልረጋበት ሁኔታ ራውተር ላይ ማንኛውንም ቅንብር መነካካት ጊዜ ማባከን ነው።

ግንኙነቱ አድራሻ በራሱ የሚመጣበት ዓይነት ከሆነ እዚህ ላይ አንድ ኮምፒውተር በቀጥታ ከሞደሙ ጋር በገመድ አገናኝተው ድረ ገጽ ይክፈቱ፤ የፍጥነት መለኪያም ያሂዱና ውጤቱን ይጻፉት። ይህ ቁጥር የመስመሩ እውነተኛ አቅም ነው፤ ኋላ ራውተሩም ዋይፋዩም የሚመዘኑት በእርሱ ነው። ንጹሕ ሞደም ፋየርዎል (ያልተጠየቀ ግንኙነት ከውጭ እንዳይገባ የሚያግደው መከላከያ) ስለሌለው የኮምፒውተሩ የራሱ ፋየርዎል መብራቱን ያረጋግጡ፤ ፈተናው እንዳለቀም ገመዱን ይንቀሉ።

ሞደሙን ከራውተሩ ጋር ማገናኘት

ሁለቱንም ያጥፉ። የኔትወርክ ገመዱን አንድ ጫፍ በሞደሙ የኤተርኔት ቀዳዳ፣ ሌላውን ጫፍ በራውተሩ ዋን ወይም ኢንተርኔት በሚለው ቀዳዳ ይሰኩ። ይህ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ በቀለም የተለየ ወይም ራቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ላን የሚሉት ቀዳዳዎች ለቤቱ መሣሪያዎች ናቸው። ገመዱ ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ካልተሰማ የፕላስቲክ ምላሱ አልያዘም፤ ቀስ ብሎ የሚላቀቅ ገመድ ደግሞ ፈጽሞ ካልተሰካ ገመድ የባሰ ራስ ምታት ነው፤ አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራምና።

የማብሪያው ቅደም ተከተል ቁም ነገር ነው። መጀመሪያ ሞደሙ ይበራል፤ የመስመር መብራቱ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ ራውተሩ ይበራል። ብዙ የኬብል ሞደሞች ከበሩ በኋላ መጀመሪያ ያገኙትን መሣሪያ የማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠው መለያ ቁጥር) ይይዙና ሌላውን አያስተናግዱም። ኮምፒውተር በቀጥታ ሰክተው ከፈተኑ በኋላ ሞደሙን ሳያጠፉ ራውተሩን ቢያገናኙ ራውተሩ አድራሻ የማያገኘው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሞደሙን ለአንድ ደቂቃ ያህል ከኤሌክትሪክ መንቀል ነው። የመጠባበቂያ ባትሪ ያለው ከሆነ ባትሪውም መውጣት አለበት። ያም ካልሠራ አቅራቢው የቀድሞውን ራውተር አድራሻ መዝግቦ ሊሆን ስለሚችል ደውለው አዲሱን ያስመዝግቡ፤ ወይም በአዲሱ ራውተር ላይ ማክ ክሎን የሚለውን ምርጫ ተጠቅመው የአሮጌውን ቁጥር ይስጡት።

የራውተሩ የመጀመሪያ ቅንብር

ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ላን ቀዳዳ በአንዱ ላይ በገመድ ይሰኩ። በዋይፋይም መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን የዋይፋዩን ስም በቀየሩ ቁጥር ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ ገመድ ይሻላል። ብራውዘር ከፍተው በራውተሩ ተለጣፊ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ያስገቡ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። ካልታወቀ በኮምፒውተሩ የኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ጌትዌይ በሚለው ፊት ያለው ቁጥር እርሱ ነው። የኮምፒውተሩ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ ምንም አድራሻ አልደረሰውም፤ ገመዱንና ቀዳዳውን ይፈትሹ።

ገጹ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል መቀየር ነው። ይህ ከዋይፋይ ይለፍ ቃል የተለየ ነው፤ የቅንብሩን ገጽ የሚከፍት ነው። ከፋብሪካ የሚመጡት ቃላት ለብዙ ሞዴሎች አንድ ዓይነት ስለነበሩ በይፋ የሚታወቁ ናቸው። ቤትዎ የገባ ማንኛውም ተንኮለኛ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚሞክረው እነርሱን ነው።

ቀጥሎ ዋን ወይም ኢንተርኔት በሚለው ገጽ የግንኙነቱን ዓይነት ይምረጡና ቀደም ብለው የጻፉትን ይሙሉ። የፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ ተጠቃሚ ስም ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ የኢሜይል ምልክት ያለበት ረጅም ቃል ነው፤ ከምልክቱ በኋላ ያለውም የስሙ አካል ስለሆነ አይተውት። በዚህ ግንኙነት ኤም.ቲ.ዩ የሚለው ቁጥር (በአንድ ጥቅል የሚላከው ትልቁ የባይት መጠን) ከ1500 ወደ 1492 ዝቅ ይላል፤ ፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ ለራሱ 8 ባይት ስለሚወስድ ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች ራሳቸው ያስተካክሉታል። አንዳንድ ድረ ገጾች ተከፍተው ሌሎቹ እምቢ ካሉ ግን ይህን ቁጥር ይመልከቱ።

አስቀምጠው ጥቂት ከጠበቁ በኋላ ስቴተስ የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከአንድ ነጠላ ቁጥር ብዙ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ራውተሩ በዋን በኩል ያገኘው የአይፒ አድራሻ። በጥንቃቄ ያንብቡት።

- 0.0.0.0 ወይም ባዶ ከሆነ ከሞደሙ ወይም ከአቅራቢው ምንም አልደረሰም። የግንኙነቱን ዓይነት፣ ቪላኑን፣ ገመዱንና የማብሪያውን ቅደም ተከተል መልሰው ይዩ።
- በ192.168፣ በ10 ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው የሚጀምር ከሆነ የውስጥ አድራሻ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በ1996 እ.ኤ.አ. ለውስጥ ኔትወርክ ተለይተው የተቀመጡ ስለሆኑ ከኢንተርኔት በቀጥታ አይመጡም። በአብዛኛው ሞደሙ አሁንም እንደ ራውተር እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ቀጣዩ ክፍል የእርስዎ ነው።
- ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አቅራቢው ራሱ አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እያካፈለ ነው። በቤት ውስጥ የሚስተካከል ነገር የለም፤ ለመደበኛ አጠቃቀምም አያውክም። ከውጭ ወደ ቤት ካሜራ ወይም ኮምፒውተር መግባት ከፈለጉ ግን አቅራቢውን የሕዝብ አድራሻ መጠየቅ ይኖርብዎታል።
- ከእነዚህ ውጭ የሆነ ቁጥር ከሆነ የሕዝብ አድራሻ ነው፤ እስካሁን ያለው ሥራ ተሳክቷል።

ሁለት ራውተር በአንድ ቤት፦ ብሪጅ ሞድ

ሞደሙ ውስጥ ያለው ራውተር ሳይጠፋ ከኋላው ሌላ ራውተር ሲሰካ ኤን.ኤ.ቲው ይደራረባል። ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ቪዲዮም ይታያል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ችግር መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት ይኖርበታል። የሚታወቀው የጨዋታ ኮንሶል ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር አልገናኝ ሲል፣ ከውጭ ለካሜራ የተከፈተው ፖርት (የግንኙነት መግቢያ በር) ሳይሠራ ሲቀር፣ ወይም በሞደሙ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ በራውተሩ ላይ ያለውን ማተሚያ ሲያጣው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ሁለቱም 192.168.1.1 ሲሆኑ ነው፤ ያኔ ራውተሩ አንድ አድራሻ ከፊቱም ከኋላውም ስላለ የሚልክበት አቅጣጫ ይጠፋዋል፤ ኢንተርኔትም ይቋረጣል።

ትክክለኛው መፍትሔ ሞደሙን ወደ ብሪጅ ሞድ መቀየር ነው። ኮምፒውተሩን በሞደሙ ላይ ሰክተው የቅንብሩን ገጽ ይክፈቱ፤ መጀመሪያ ዋይፋዩን ያጥፉ፤ ከዚያ ብሪጅ የሚለውን ምርጫ ይፈልጉ። ቦታው እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት፣ ዋን ወይም ኔትወርክ በሚሉት ሥር ነው። አስቀምጠው ሞደሙ ከተነሣ በኋላ ራውተሩንም አጥፍተው ያብሩ፤ በዋን በኩል ያለው ቁጥር ከውስጥ አድራሻነት ሲቀየር ያያሉ። ፒ.ፒ.ፒ.ኦ.ኢ ከሆነ ከአሁን በኋላ ወደ አቅራቢው የሚገባው ራውተሩ ስለሆነ ስሙና የይለፍ ቃሉ ወደ እርሱ ይዛወራሉ።

ሁለት ነገሮችን አስቀድመው ይወቁ። ብሪጅ ከሆነ በኋላ የሞደሙ ገጽ በቀድሞው አድራሻ ላይከፈት ይችላል። ብዙ የኬብል ሞደሞች በ192.168.100.1 ይገኛሉ፤ ሌሎቹን ለመመለስ የሪሴት ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው ጉዳይ፣ የቤት ስልክ ወይም የአቅራቢው ቴሌቪዥን በዚያው ሣጥን የሚሠራ ከሆነ ብሪጅ ሞድ ሊያቋርጠው ይችላል፤ ከመቀየርዎ በፊት አቅራቢውን ይጠይቁ።

አቅራቢው ገጹን ቆልፎ ብሪጅ አልፈቅድም ካለስ? ያኔ እኔ የምመርጠው ሥራውን ገልብጦ ራውተርነቱን ለሞደሙ መተውና የራስዎን ራውተር ወደ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭ መሣሪያ፣ መለወጥ ነው። ብዙ ራውተሮች ይህ ምርጫ በስሙ አላቸው። ከሌላቸው በእጅ ይሠራል፤ የራውተሩን የውስጥ አድራሻ በሞደሙ ክልል ውስጥ ወዳለ ሌላ ቁጥር ይቀይሩ። ለምሳሌ ሞደሙ 192.168.1.1 ከሆነ ራውተሩ 192.168.1.2 ይሁን፤ ሞደሙ ለሌላ መሣሪያ የሚያድለው ቁጥር አለመሆኑንም ያረጋግጡ። ከዚያ ዲ.ኤች.ሲ.ፒውን ያጥፉና ገመዱን ከዋን ነቅለው በላን ቀዳዳ ላይ ይሰኩ። ጥሩ ዋይፋይ ያገኛሉ፤ ቤቱም አንድ አስተዳዳሪ ብቻ ይኖረዋል። ሁለቱም ራውተር ሆነው መቀጠል ግድ ከሆነ ግን ቢያንስ የራስዎን ክልል ለዩት፤ 192.168.50.1 ቢያደርጉት ከሞደሙ ጋር አይጋጭም።

ዋይፋይ

እስካሁን የሠራነው ሁሉ በገመድ ነው፤ በገመድ የማይሠራ ነገር በዋይፋይ አይድንም። ኮምፒውተሩ በራውተሩ በኩል በገመድ ኢንተርኔት ማግኘቱን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ወደዚህ ይለፉ።

የዋይፋዩ ስም የቤተሰብ ስም፣ የቤት ቁጥር ወይም የራውተሩን ሞዴል ባይይዝ ይመረጣል። ጥበቃው ደብሊው.ፒ.ኤ 3 ወይም ደብሊው.ፒ.ኤ 2 ከኤ.ኢ.ኤስ ጋር ይሁን። ደብሊው.ፒ.ኤ 3 በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣ ስለሆነ አሮጌ ስልኮች ላያውቁት ይችላሉ፤ ሁለቱን የሚያቀላቅለው ምርጫ ለዚህ ነው የተሠራው። ደብሊው.ኢ.ፒ የሚለው አሮጌ ጥበቃ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። የይለፍ ቃሉ ከ8 እስከ 63 ፊደላትና ቁጥሮች ሊሆን ይችላል፤ አጭርና የተወሳሰበ ከሚሆን አራት አምስት የማይገናኙ ቃላትን ማያያዝ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመስበርም ይከብዳል። ደብሊው.ፒ.ኤስ የሚለውን፣ ማለትም መሣሪያን ያለ ይለፍ ቃል በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን አሠራር፣ ያጥፉት። ስምንት አሃዝ ያለው የፒን ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመር ለመገመት 11,000 ሙከራ ብቻ እንደሚበቃ በ2011 እ.ኤ.አ. ተገልጿል።

ራውተሩ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርትዝ ያሰራጫል። የመጀመሪያው ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፤ ግን ዘገምተኛና የተጨናነቀ ነው። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቶ መሣሪያው ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ለአብዛኛው ቤት ይስማማል። አንዳንድ ካሜራዎችና ዘመናዊ አምፖሎች 2.4 ብቻ ስለሚያውቁ በመጀመሪያ ሲያገናኟቸው ካስቸገሩ 5ቱን ለጊዜው ማጥፋት ይረዳል። በ2.4 ላይ ከቻነል 1፣ 6 ወይም 11 አንዱን ይምረጡ፤ ወርዱንም 20 ሜጋኸርትዝ ያድርጉት፤ የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ጎረቤት የሌለበት ቻነል መፈለግ የሚያስቆጭ ሥራ አይደለም፤ በስልክ ላይ የሚጫኑ የዋይፋይ መቃኛዎች በግልጽ ያሳያሉ።

ሞደሙ መስመሩ ባለበት ይቆያል፤ ራውተሩ ግን እዚያው መታሰር የለበትም። የተለያዩ መሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ረዘም ያለ የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ ራውተሩን ወደ ቤቱ መሐል፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ግልጽ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። በብረት ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከትልቅ መስታወት ወይም ከውኃ በርሜል አጠገብ አያስቀምጡት። ማይክሮዌቭ ምድጃ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ስለሚሠራ ከእርሱም ይራቅ። ቦታ የማይንቀሳቀሱትን፣ ማለትም ቴሌቪዥኑን፣ የጠረጴዛ ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን በገመድ ያገናኙ፤ አየሩ ለስልኮቹ ይቀራቸዋል።

ለእንግዶችና ለካሜራ መሰል ዕቃዎች የእንግዳ ኔትወርክ ይክፈቱ። ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ የቤቱን ኮምፒውተሮች ግን አያዩም።

ሳይዘነጉ የሚዘጉና የሚከፈቱ

የራውተሩን ፊርምዌር (በውስጡ ያለውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) ያድሱ፤ በራሱ የሚታደስበት ምርጫ ካለ ያብሩት። ሪሞት ማኔጅመንት፣ ማለትም የቅንብር ገጹን ከኢንተርኔት ላይ መክፈት፣ ጠፍቶ ይቆይ። ዩ.ፒ.ኤን.ፒ ማንኛውም መሣሪያ ሳይጠይቅዎ በፋየርዎሉ ላይ በር እንዲከፍት ስለሚፈቅድ የጨዋታ ኮንሶል ከሌለ ይዝጉት። ማተሚያና ካሜራ ቁጥራቸው እየተቀያየረ እንዳይጠፉ በዲ.ኤች.ሲ.ፒ ገጹ ላይ ቋሚ አድራሻ ያስይዙላቸው። የአቅራቢው ዲ.ኤን.ኤስ የሚዘገይ ከሆነ 1.1.1.1 ወይም 8.8.8.8 መሞከር ይቻላል።

መለካትና ጉድለትን መፈለግ

የመጀመሪያውን ከሞደሙ በቀጥታ የተለካ ቁጥር ያውጡና በራውተሩ በኩል በገመድ መልሰው ይለኩ። ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። ከዚያ በዋይፋይ፣ መጀመሪያ ራውተሩ አጠገብ፣ ቀጥሎ በሩቁ ክፍል ይለኩ። ቁጥሩ የወደቀበት ቦታ ጉድለቱ ያለበት ቦታ ነው። አቅራቢው የሚሸጠው በሜጋቢት፣ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ በሜጋባይት መሆኑን አይርሱ፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ100 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ ከ12.5 ሜጋባይት በላይ አያወርድም።

አንድ የተለየ ምልክት ላመልክት። መስመሩ 200 ወይም 300 ሜጋቢት ሆኖ ሳለ መለኪያው በተደጋጋሚ 94 አካባቢ ላይ ከቆመ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ገመድ ነው። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። የ1 ጊጋቢት ግንኙነት ስምንቱንም ይፈልጋል፤ የ100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ብቻ ይሠራል። ከስምንቱ አንዷ ጫፍ ላይ ከላላች ወይም በር ሥር ተረግጣ ከተቆረጠች መሣሪያዎቹ ምንም ሳይናገሩ ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ከዚያም ውስጥ ለራሱ ለአሠራሩ የሚሄደው ሲቀነስ የሚተርፈው 94 ገደማ ነው። በራውተሩ ስቴተስ ገጽ ላይ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ፊት 1000 ወይም 100 ተብሎ ይጻፋል። በብዙ ራውተሮች የቀዳዳው መብራትም ቀለሙን ይቀይራል። ገመዱን በሌላ ይተኩና ቁጥሩን እንደገና ያንብቡ። ገመድ ተቀይሮም 100 ካለ ከሁለቱ መሣሪያዎች የአንዱ ቀዳዳ ከመጀመሪያው ከ100 በላይ የማይችል ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ ራውተሮች ላይ የተለመደ ነው።

ኢንተርኔት ሲቋረጥም ያው ቅደም ተከተል ይሠራል። የሞደሙ የመስመር መብራት ረግቷል? ካልረጋ ጉዳዩ የአቅራቢው ነው። ከረጋ የራውተሩ የዋን አድራሻ አለ? ከሌለ ሁለቱን አጥፍተው ሞደሙን አስቀድመው ያብሩ። አድራሻው ካለ በገመድ ይሠራል? በገመድ ሠርቶ በዋይፋይ ካልሠራ ብቻ ቻነሉን፣ ቦታውንና የይለፍ ቃሉን ይመልከቱ።

ሁሉም ሲስተካከል በራውተሩ ገጽ ላይ ባክአፕ የሚለውን ተጭነው የቅንብሩን ፋይል በኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ። የግንኙነቱን ዓይነት፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ የቪላን ቁጥሩንና የሁለቱን መሣሪያዎች አድራሻ በወረቀት ጽፈው ከውል ወረቀቱ ጋር ያኑሩ፤ የይለፍ ቃሎቹ ግን ለብቻ፣ ሌላ ሰው በማያገኝበት ቦታ ይሁኑ። ራውተሩ አንድ ቀን ተበላሽቶ የሪሴት ቁልፉን አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ካስፈለገ፣ ፋይሉን መልሶ መጫን ብቻ ይበቃል።